ለእንግሊዝ ኮርቻ ፔይንት ፈረስ ልግዛ?

ጥያቄ፦ ሁለት ዓመት በእንግሊዝ ኮርቻ መጋለብ ተምሬያለሁ። አሁን የራሴን ፈረስ መግዛት እፈልጋለሁ። አንዲት የስድስት ዓመት ፔይንት ባዝራ አግኝቻለሁ። ዳማና ነጭ ቡራቡሬ ናት፣ ቁመቷ 14.3 ሃንድ (የፈረስ ቁመት መለኪያ) ነው። እስካሁን የተጋለበችው በዌስተርን (በአሜሪካ ከብት ነጂዎች) ኮርቻ ነው፣ ዌስተርን ፕሌዠር በሚባለው ውድድርም ቀርባለች። እኔ የምፈልገው ዘና ብዬ መጋለብና አንዳንዴ በትንንሽ ውድድሮች ኢንግሊሽ ፕሌዠር መሳተፍ ነው። አሰልጣኜ «ፔይንት ለእንግሊዝ ግልቢያ አይሆንም፣ ዋርምብለድ (በአውሮፓ ለስፖርት የተዳቀለ ፈረስ) ፈልጊ» ትለኛለች። ሌላ ሰው ደግሞ ፔይንቶች የዘር በሽታ አለባቸው ብሎ አስፈራርቶኛል። ቁመቴ 1 ሜትር ከ68፣ ክብደቴ 62 ኪሎ ነው። ልግዛት ወይስ ልተዋት?

ምላሽ፦ ፔይንት መሆኗ አይከለክልዎትም። እኔን የሚያሳስበኝ እስካሁን የተማረችው ነገር ነው። ስለዚህ ስለ ዘሯ ባጭሩ ተናግሬ ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

ፔይንት በአሜሪካ የተመሠረተ የፈረስ ዘር ነው። መዝጋቢው የአሜሪካ ፔይንት ሆርስ ማኅበር ሲሆን መቀመጫው ቴክሳስ፣ ፎርት ዎርዝ ነው። ማኅበሩ በ1965 ሁለት ማኅበራት ተዋህደው የተፈጠረ ነው። ወላጆቹ የተመዘገቡ ፔይንት፣ ኳርተር ሆርስ (የአሜሪካ ከብት ነጂዎች ፈረስ) ወይም ቶሮብሬድ (የእሽቅድምድም ፈረስ) ያልሆኑ ፈረስ እዚህ መዝገብ ውስጥ አይገባም። ፒንቶ የሚባለው ግን የቀለም ስም ነው፤ ማንኛውም ቡራቡሬ ፈረስ ፒንቶ ሊባል ይችላል። ሻጭ «ፔይንት» ሲልዎት እንግዲህ የመዝገብ ወረቀቱን ይጠይቁ። ወረቀት ከሌለ የሚገዙት ቀለሙን ብቻ ነው።

የዘሩ አመጣጥ ለእርስዎ የሚጠቅመው በአንድ ምክንያት ነው። ሰፊ ደረት፣ ጡንቻማ ዳሌና የተረጋጋ ጠባይ ከኳርተር ሆርስ ይመጣል። ረዘም ያለ እግርና ሰፊ እርምጃ ደግሞ ከቶሮብሬድ። በአንድ መዝገብ ውስጥ ሆነው ሁለት ፔይንቶች ፈጽሞ የማይመሳሰሉት ለዚህ ነው። አንዷ አጭርና ድንብልብል ከብት ነጂ ትሆናለች። ሌላዋ ከ16 ሃንድ በላይ ሆና ሩቅ የምትራመድ። «ፔይንት አይሆንም» የሚለው ንግግር ይህን ልዩነት ይዘለዋል። ዋርምብለድ ጥሩ ፈረስ ነው፣ ከፍ ላለ ድሬሳዥ (የፈረሱ እንቅስቃሴ ትክክለኛነት የሚመዘንበት ውድድር) እና ለትልቅ ዝላይ ይመረጣል። ሁለት ዓመት ለተማረና መዝናናትን ለሚፈልግ ሰው ግን የዋርምብለድ ትልቅ እንቅስቃሴ ብዙ ጊዜ ከአቅም በላይ ይሆናል። እኔ ለእንደ እርስዎ ዓይነት ጋላቢ ከሚያንቀጠቅጥ ዋርምብለድ ይልቅ ልቡ የተረጋጋ ፔይንት እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ግን ከአሰልጣኝዎ ጋር አሁኑኑ ይነጋገሩ። ኢንግሊሽ ፕሌዠር ሲሉ የትኛውን ማለትዎ ነው? ሞርጋን፣ አረብና ሳድልብሬድ በሚባሉት የፈረስ ዘሮች ውድድሮች ይህ ስም የሚሰጠው ፈረሱ ጉልበቱን ከፍ አድርጎ እያነሳ፣ አንገቱን ቀጥ አድርጎ ለሚቀርብበት ክፍል ነው። ፔይንት ለዚያ አልተፈጠረም፤ ማስገደድም ግፍ ነው። በፔይንት ውድድሮች ያለው የእንግሊዝ ኮርቻ ክፍል ሀንተር አንደር ሳድል ይባላል። እዚያ የሚፈለገው ተቃራኒው ነው። ጉልበቱ ብዙም ሳይታጠፍ፣ እግሩ መሬቱን እየጠረገ የሚመስል ረጅምና ዝቅ ያለ እርምጃ። የእርስዎ ፍላጎት ይህኛው ከሆነ ባዝራዋ ዕድል አላት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ባዝራዋ በዌስተርን ፕሌዠር ቀርባለች ብለዋል። በዚያ ክፍል ፈረስ የሚሸለመው በዝግታው ነው። አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ ዛቡ ልል ሆኖ፣ በጣም ቀስ ብሎ እንዲሄድ ለዓመታት ይሠለጥናል። እርስዎ ደግሞ ወደፊት የምትሄድ፣ እርምጃዋ የሚረዝም ፈረስ ይፈልጋሉ። ጥያቄው እርምጃዋ አጭር የሆነው በሥልጠና ነው ወይስ ተፈጥሮዋ ነው? በሥልጠና ከሆነ ይመለሳል። ተፈጥሮዋ ከሆነ ምንም ያህል ቢደክሙ አይመለስም።

ይህን ለማወቅ ኮርቻ አያስፈልግም። ባለቤቱን ሜዳ ላይ ልቀቃት ይበሉት። ትንሽ ትቦርቅ፣ ትሩጥ። እርስዎ ከጎን ሆነው ይመልከቱ። በሶምሶማ ስትሄድ የኋላ እግሯ የፊት እግሯ ያረፈበት ቦታ ላይ ይደርሳል? ቢያልፈው ደግሞ እሰየው። መሬቱ ለስላሳ ከሆነ ዱካውን ቆጥረው ማየት ይችላሉ። ቀጥሎ በደንገላሳ ስትሄድ የእግሮቿን ምት ያዳምጡ። ጤነኛ ደንገላሳ ሦስት ምት ነው። በጣም እንድትዘገይ የተገደደች ፈረስ ግን አራት ምት ማሰማት ትጀምራለች፤ የኋላ እግሯ ይጎተታል፣ ጀርባዋ ይሞታል። ነፃ ስትለቀቅ ሦስት ምት፣ ጋላቢ ሲወጣባት አራት ምት ከሆነ ችግሩ የሥልጠና ነው። ያ ይስተካከላል። ነፃ ሆናም የምትጎተት ከሆነ ይተዋት።

ሁለተኛው ጉዳይ ብዙ የእንግሊዝ ኮርቻ ጋላቢዎች ሰምተውት የማያውቁት ነው፣ እባክዎ ልብ ይበሉ። አንዳንድ የዌስተርን ፕሌዠር ፈረሶች ጋላቢው በእግሩ ወይም ተረከዙ ላይ ባሰረው ስፐር ጎናቸውን ሲጫን እንዲዘገዩ፣ ጠበቅ ሲያደርግ ደግሞ እንዲቆሙ ተደርገው ይሠለጥናሉ። ስፐር ስቶፕ ይሉታል። እርስዎ የተማሩት ግን እግር ማለት «ሂጂ» ነው። ስለዚህ እርስዎ ሂጂ ሲሉ እሷ ትቆማለች። ይበልጥ ሲጫኑ ይበልጥ ትቆማለች። ሁለታችሁም ትደናገራላችሁ፣ እሷም ያላጠፋችው ጥፋት ላይ ትቀጣለች። ሻጩን በግልጽ ይጠይቁት፤ «ስፐር ስቶፕ ታውቃለች ወይ?» ይበሉት። ሐቀኛ ሰው ቀጥ ያለ መልስ ይሰጥዎታል። ከዚያም እርስዎ ወይም አሰልጣኝዎ ሲጋልቧት በሶምሶማ ላይ ሁለቱንም እግር ቀስ አድርገው ይጫኑ። ፍጥነቷ ከቀነሰ መልሱ ይኸው ነው። ይህን ልማድ ማስለወጥ ይቻላል፣ ነገር ግን ወራት ይወስዳል፤ ልምድ ያለው አሰልጣኝም ይጠይቃል። ብቻዎን ሊሠሩት አይሞክሩ።

ዛቡም እንደዚሁ ነው። ዌስተርን የተማረች ፈረስ ዛብ በአንድ እጅ ተይዞ፣ አንገቷ ላይ ሲነካ መዞርን ለምዳለች። አፏ ላይ የማያቋርጥ ቀላል ግንኙነት አታውቅም ይሆናል። ሁለቱን ዛብ በሁለት እጅ ይዘው ልጓሙን በጥቂቱ ሲነኩ ምን ታደርጋለች? አገጯን ወደ ደረቷ ከሸጎጠችና ከልጓሙ ከሸሸች ትምህርት ያስፈልጋታል። ከቆመችም እንዲሁ። ለጥቂት ደቂቃ ግራ ተጋብታ ቀስ በቀስ አፏን ወደ እጅዎ ካመጣች ግን ደስ ይበልዎት፤ አእምሮዋ ክፍት ነው ማለት ነው። ሙከራው ስናፍል በሚባለው፣ ረጅም መቆጣጠሪያ በሌለው ቀላል ልጓም ይሁን። ረጅም መቆጣጠሪያ ያለው ልጓም ካልሆነ አትቆምም ከተባሉ፣ ያ ራሱ መረጃ ነው።

ስለ ቁመናዋ ሦስት ነገር ብቻ ልናገር። መጀመሪያ ከጎን ቆመው የጀርባዋን መስመር ይመልከቱ። ዳሌዋ ከአንገቷ ሥር ካለው የጀርባ ጉብታ ከፍ ብሎ ከታየዎት ቁልቁል የተሠራች ናት። በዚህ የዘር ወገን ይህ የተለመደ ነው። በዌስተርን ብዙም አይጎዳም። በእንግሊዝ ግልቢያ ግን ክብደቷ ሁልጊዜ ፊት እግሯ ላይ ይወድቃል፣ እጅዎም ላይ ትንጠለጠላለች። ትንሽ ከሆነ ይቻላል፣ ብዙ ከሆነ አልመክርም። ሁለተኛ ሰኮናዋን ከአካሏ ጋር ያነጻጽሩ። ከባድ አካል በትንሽ ሰኮና ላይ የቆመ እንደሆነ በፊት እግር ውስጥ ላለው ናቪኩላር ለሚባል ትንሽ አጥንትና ለአካባቢው ሕመም ያጋልጣል። ነጭ ሰኮና ደካማ ነው የሚለውን ወሬ ግን አይስሙ፤ ጥንካሬውን የሚወስነው ቀለሙ አይደለም። ሦስተኛው የጀርባ ጉብታዋ ነው። ብዙ ፔይንቶች ጉብታቸው ዝቅና ድብልብል ያለ፣ ጀርባቸውም ሰፊ ነው። የእንግሊዝ ኮርቻ እንዲህ ያለ ጀርባ ላይ ወደ ፊት ይንሸራተታል ወይም ወደ ጎን ይዞራል። አሁን ያለዎት ኮርቻ አይገጥማት ይሆናል። ለሰፊ ጀርባ የተሠራ ኮርቻ እንደሚያስፈልግዎት አስበው በጀትዎ ውስጥ ያስገቡ፤ ኮርቻ የሚያስተካክል ባለሙያም ከግዢው በፊት ቢያያት ጥሩ ነው።

ቁመቷ አያስጨንቅዎ። 14.3 ሃንድ ማለት 150 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጋላቢና ኮርቻ አንድ ላይ ከፈረሱ ክብደት 20 በመቶ እንዳያልፉ ይመከራል። እርስዎ ከነኮርቻው 70 ኪሎ ጥቂት ዘለል ይላሉ። 450 ኪሎ የምትመዝን ባዝራ ብትሆን 16 በመቶ ገደማ ነው። ሰውነቷ ሞላ ያለ ከሆነ እግርዎም ቢሆን ተንዘላዝሎ አይታይም።

አሁን ያስፈራዎት የዘር በሽታ። ሰውየው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፣ ግን ፍርሃቱን ያለ ማብራሪያ ጥሎብዎት ሄዷል። ከፔይንት ጋር ስማቸው የሚነሳ በሽታዎች አብዛኞቹ በዘረ መል ምርመራ የሚታወቁ ናቸው። ከጋማዋ ወይም ከጭራዋ ከነሥሩ የተነቀለ ፀጉር ለላቦራቶሪ ይላካል። ውጤቱን ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ።

በጣም የሚወራለት ሌታል ዋይት የሚባለው ነው። ፍሬም ኦቬሮ የሚባለውን የቀለም ዘረ መል አንድ ቅጂ የያዘች ፈረስ ፍጹም ጤነኛ ናት። ሁለት ተሸካሚዎች ሲዳቀሉ ግን ከአራት ውርንጭላ አንዱ ሁለት ቅጂ ይወርሳል። ነጭ ሆኖ ይወለዳል፣ አንጀቱ ነርቭ ስለሌለው ምግብ ማሳለፍ አይችልም፣ በጥቂት ቀናት ይሞታል። ስለዚህ ለጋላቢ ጉዳዩ አያስፈራም። ለማርባት ለሚያስብ ሰው ግን ግዴታ ነው። ባዝራ ስለሆነች አንድ ቀን ላስወልዳት ማለትዎ አይቀርም ብዬ ነው የምነግርዎት። በቀለሟ አይቶ መፍረድ አይቻልም፤ ይህ ዘረ መል በሌላ ቀለም ሥር ተደብቆ ሊኖር ይችላል።

ለግልቢያ የበለጠ የሚያሳስቡኝ ሌሎቹ ናቸው። ኤችዋይፒፒ በ1969 ከተወለደው ኢምፕሬሲቭ ከተባለ የኳርተር ሆርስ ድንጉላ የመጣ ነው። ደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም ሲዛባ ጡንቻ ይንቀጠቀጣል፣ ፈረሱም ሊወድቅ ይችላል። አንድ ቅጂ ብቻ ይበቃዋል። ጀርባው ላይ ሰው ተቀምጦ ይህ ሲደርስ ምን ሊሆን እንደሚችል ያስቡት። እኔ የዚህ በሽታ ተሸካሚ የሆነች ፈረስ ለጀማሪ አልመክርም። ኸርዳ የሚባለው ደግሞ ቆዳን ከሥሩ የማላቀቅ በሽታ ነው። ብዙ ጊዜ የሚታየው ኮርቻ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው፣ መጋለብም አይቻልም። ነገር ግን የሚታመመው ሁለት ቅጂ የወረሰ ብቻ ነው፤ አንድ ቅጂ ያላት ጤነኛ ናት። ፒኤስኤስኤም አንድ የሚባለው ጡንቻን የሚያደርቅና የሚያሳምም ሲሆን በአመጋገብና በየቀኑ በሚደረግ እንቅስቃሴ ብዙ ጊዜ ይያዛል። እህል የተቀነሰለትና የማይቆም ሥራ ይፈልጋል። በሳምንት አንዴ ብቻ ለመጋለብ ካሰቡ እንዲህ ያለች ፈረስ ለእርስዎ አትሆንም።

ነጭ ፀጉር ሥር ያለው ቆዳ ሮዝ ነው። ፀሐይ ያቃጥለዋል። በተለይ በዓይንና በአፍንጫ ዙሪያ ያለውን ይመልከቱ። ዓይኗ ዙሪያ ሮዝ ከሆነ በጊዜ ብዛት የቆዳ ካንሰር ሊያገኘው የሚችል ቦታ ነው፤ ያበጠ፣ የማይድን ቁስል ወይም ኪንታሮት የመሰለ ነገር ካዩ ለሐኪሙ ያሳዩ። ከፀሐይ የሚከላከል የፊት መሸፈኛ ቀላል መፍትሔ ነው። ፊቷ በሙሉ ነጭ ከሆነና ዓይኗ ሰማያዊ ከሆነ ከኋላዋ ድምፅ ያሰሙ። ጆሮዋ ካልዞረ መስማት የተሳናት ልትሆን ትችላለች። እንደነዚህ ያሉ ብዙ ፈረሶች በደንብ ይሠራሉ፤ ብቻ ከመግዛትዎ በፊት ይወቁት። ሰማያዊ ዓይን ራሱ ግን ችግር አይደለም።

ሐኪሙን እርስዎ ይምረጡት፣ ሻጩ የሚያመጣውን አይቀበሉ። ስድስት ዓመት ወጣት ነው ቢባልም የፕሌዠር ፈረሶች ብዙ ጊዜ በሁለት ዓመታቸው ይጋለባሉ። የጀርባ አጥንታቸው እድገት የሚያበቃው ግን ከአምስት እስከ ስድስት ዓመት መካከል ነው። ስለዚህ እድሜዋ ትንሽ ቢሆንም እግሯ ብዙ ሠርቶ ሊሆን ይችላል። እግሯን አጥፎ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይዞ ከዚያ በሶምሶማ የማስሮጥ ፈተና ይደረግላት። የሁለቱ ቋንጃና የፊት ሰኮናዎች ራጅ ይነሳ። ደምም ይወሰድና ይቀመጥ፤ ማደንዘዣ ወይም ማስታገሻ ተሰጥቷት ከሆነ በኋላ ይወጣል። ሐኪሙን «ጤነኛ ናት?» ብለው ሳይሆን «በእንግሊዝ ኮርቻ፣ በሳምንት ይህን ያህል ቀን ለምፈልገው ሥራ ትሆናለች?» ብለው ይጠይቁት። ፍጹም ፈረስ የለም፤ ጉድለቷ ከሥራዎ ጋር ይጋጫል ወይ ነው ጉዳዩ።

ለማየት ሲሄዱ ሳትዘጋጅ ያግኟት። ደርሰው ኮርቻ ተጭኖባት፣ ላብ ብሏት ከጠበቀችዎት ቀድማ ተደክማለች ማለት ሊሆን ይችላል። ከሜዳ ሲያመጧት፣ ሲያጸዷት፣ ቀበቶዋ ሲጠብቅ ምን እንደምታደርግ ይመልከቱ። ጆሮዋን ወደ ኋላ ብታጣብቅ፣ ለመንከስ ብትዞር ልብ ይበሉ፤ የጀርባ ወይም የጨጓራ ሕመም ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ባለቤቱ ይጋልባት። ቀጥሎ አሰልጣኝዎ። እርስዎ መጨረሻ። ከአጥር ውጭ ለብቻዋም ትውጣ። ብዙ የውድድር ፈረሶች ከግቢ ወጥተው አያውቁም፣ እርስዎ ደግሞ ለመዝናናት ነው የሚገዟት።

ከተቻለ በሌላ ቀን ሳይነግሩ፣ ያ ቢያስቸግር ደግሞ ጥቂት ብቻ ቀደም ብለው አስታውቀው፣ ተመልሰው ይሂዱ። የመጀመሪያው ቀን ጠባይ ከሁለተኛው ቀን ጋር የማይመሳሰል ፈረስ ብዙ አይቻለሁ።

ስለ ወረቀቱ ጥቂት። ምስክር ወረቀቱ ላይ የፈረሷ ምልክቶች አሉ፤ ቡራቡሬዋን አንድ በአንድ ከወረቀቱ ጋር ያመሳክሩ። የሚሸጥልዎት ሰው ስም ከተመዘገበው ባለቤት ስም ጋር አንድ ይሁን። የዝውውር ቅጹ ተፈርሞ ሳይሰጥዎት ሙሉ ክፍያ አይፈጽሙ።

ባዝራዋ ካልሆነችልዎት ደግሞ አንድ ምክር አለኝ። ማኅበሩ ሶሊድ ፔይንት ብሬድ ብሎ የሚመዘግባቸው ፈረሶች አሉ። ደማቸው ያው ነው፣ የሚጎድላቸው በቂ ነጭ ነው። ገዢ በቀለም ስለሚሳብ ብዙ ጊዜ ዋጋቸው ዝቅ ይላል። ቀለም ካላሳሰበዎት፣ ከቶሮብሬድ ደም ያላት፣ አምስት ወይም ስድስት ሳይሆን ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት የሆናት፣ በእንግሊዝ ኮርቻ የተጋለበች ሶሊድ ካገኙ እኔ ያለ ማመንታት እሷን እመርጣለሁ።

የእርስዎ ባዝራ ግን ነፃ ስትለቀቅ እርምጃዋ ከረዘመ፣ ለእግር ወደፊት ከመለሰች፣ የፀጉር ምርመራዋም ንጹሕ ከሆነ፣ አሰልጣኝዎን ይዘው ይሂዱና ይግዟት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ውድድር አያስቡ። ዳገት ያስወጧት፣ መሬት ላይ የተደረደሩ እንጨቶችን ያስረግጧት፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሶምሶማዋ እንዲለቀቅ ይተዉላት። አንገቷን ለማስተካከል እጅዎን አይጠቀሙ። ከኋላ ወደፊት ስትሄድ አንገቷ ራሱ ቦታውን ያገኛል። ዛሬ ለሻጩ ይደውሉ፤ በመጀመሪያ ስለ ስፐር ስቶፕ፣ ቀጥሎ ስለ ዘረ መል ምርመራው ውጤት ይጠይቁት።